የእህል ጉድጓዱና ታንከሩ

አንድ ሰው ነበረ፤ መሐንዲስ። አንቺ ልጄ የተማርሽውን ያንኑ የኬሚካል ምሕንድስና ተምሮ፣ አልኮል በሚወጣበት ፋብሪካ ተቀጠረ። ገና በሁለተኛ ወሩ የታንከር እጥበት ኃላፊ አደረጉት።

በዚያ ፋብሪካ ደንብ ማንም ወደ ታንከር ከመውረዱ በፊት መሐንዲሱ አየሩን በመሣሪያ ይለካል፤ ይፈርማልም። ሰውየው መሣሪያውን ተረክቧል፤ ንባቡን ግን አያውቅም። ባስረከቡት ቀን «ገብቶሃል?» ሲሉት «አዎን» ብሎ ነበር። ያቺ «አዎን» ከዚያ ወዲህ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰክታ ቀረች።

አንድ ማለዳ ጥልቁ ታንከር ተከፈተ። የሚወርደው አጣቢ የአምስት ልጆች አባት፣ የገጠር ሰው ነው። አጎንብሶ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ።

«ኢንጂነር፣ በእኛ አገር የእህል ጉድጓድ ሲከፈት እስኪተነፍስ ማንም አይገባም። ኩራዝ እናወርዳለን፤ ከጠፋ፣ ውስጡ ሞት አለ።»

«እዚህ ኩራዝ ቢወርድ፣ ጋሼ፣ የአልኮሉ ትነት ተቀጣጥሎ አብረን እንቃጠላለን» አለው መሐንዲሱ።

«እንግዲያው ኩራዙ እርስዎ እጅ ላይ ያለው ነዋ!» ብሎ ሳቀና ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ።

መሐንዲሱ መሣሪያውን አየ። ቁጥር ያበራል፤ ቁጥሩ ደግ ይሁን ክፉ አያውቅም። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ከኋላው ቆሞ «ምን ትጠብቃለህ? ፈርም እንጂ!» ይላል። እስክሪብቶው ወረቀቱን ነካ።

አጣቢው ጫማውን አውልቆ ቦቲ አጠለቀ። ያወለቀውን ጥንድ ጎን ለጎን አድርጎ፣ የጫማውን ጫፍ ወደ በሩ አዙሮ አስቀመጠው፤ ሲወጣ ሊያጠልቀው። መሐንዲሱ ያንን ጫማ አየ።

«አላውቅም!» ብሎ ጮኸ። «ማንበቡን አላውቅም። ጋሼ፣ አይውረዱ!»

ዙሪያውን የቆመው ሠራተኛ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። «መሐንዲስ ተብለህ!» አለው ሥራ አስኪያጁ። ከላቦራቶሪ አንዲት የቆየች ሠራተኛ ተጠራች። መሣሪያውን በገመድ አውርዳ አወጣችው፤ ቁጥሩን አንዴ አይታ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«ማን ሊገባ ነበር?» አለች።

ሳቁ እዚያው ደረቀ። ታንከሩ ሁለት ቀን ሙሉ አየር ሲነፋበት ዋለ፤ አደረ። በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ ለክታ፣ መሐንዲሱም ከጎኗ ቆሞ ንባቡን ከሀ ጀምሮ እየተማረ፣ አጣቢው ወረደ። አጥቦም ወጣ፤ ጫማውንም አጠለቀ።

እንግዲህ አንቺ ልጄ፣ «በአዲሱ ሥራዬ ያላወቅሁትን ብጠይቅ ይንቁኛል ወይ?» ብለሽኛል። ይንቁሻል! ምን ልዋሽሽ? አንድ ቀን ይስቁብሻል፤ ሳቅ ደግሞ ሰው አይቀብርም። አላዋቂነትን አፍኖ መያዝ ግን ያ የተከደነ ጉድጓድ ነው። ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ የሚገድለውም የከደነውን አይደለም፤ አምኖ የሚወርደውን ነው። ያ ሁሉ ዲግሪሽ ይህን ካላስተማረሽ ከእኔ ስሚው፦ ከመፈረምሽ በፊት የሰውየውን ጫማ እዪ።