የበዓል ቀን ሥራ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ጉልበቱ የጠፋበት። ስንዱ፣ «የማታ ትምህርቴን ልተወው ነው፤ ፈተናው ደርሶ ደብተር ስገልጥ ሰውነቴ ይዝላል፤ ምን ነካኝ?» ብለሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። መልሱ ያለው እዚህ ሰውዬ ዘንድ ስለሆነ መጀመሪያ የእሱን ስሚ።

ሰውዬው ሰነፍ አልነበረም። ሁለት ጠንካራ በሬዎች ነበሩት፤ መሬቱም የሰጡትን የሚያበቅል ነው። ግን የሰኔ ዝናብ ጥሎ አገሩ ሁሉ በሬውን ሲጠምድ፣ እሱ ገና ማሳው ዳር ሲደርስ ይደክመዋል። ትንሽ ያርስና ዛፍ ሥር ቁጭ ይላል። ሚስቱ አይታ እንዳላየች ስትሆን ከረመች፤ በመጨረሻ ግን አላስቻላትም።

«ይህ ሳምንት ካለፈ የዘር ጊዜ አለፈ ማለት ነው። መሬቱን ለወንድሜ ለእኩል እንስጠው» አለችው።

በገዛ መሬቱ ሌላ ሰው ሲያርስ ቆሞ ማየት ለገበሬ ምን እንደሆነ አልነግርሽም። ሰውዬው ያን ዕለት እራቱን አልበላም።

«ዓይን በልቶኛል» ብሎ ጠበል ገባ። ተጠምቆ ሲመለስ ሰውነቱ ቀሎት፣ መንገድ ለመንገድ እያንጎራጎረ ነበር። የግቢው በር ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ መዝጊያውን በትከሻው አንሥቶ ገባ። ያ ድካም ወዲያው ተመለሰ።

በሩን የያዘው ጠፍር ከተበጠሰ ቆይቷል። የማረሻው መያዣ እርፉ ተሰንጥቆ ባረሰ ቁጥር መዳፉን ይቆነጥጠዋል። ከጎረቤቱ የተዋሰውን መጥረቢያ ስላልመለሰ ደግሞ በዚያ ደጅ ማለፍ አፍሮ፣ ማሳው የሚሄደው ዳገቱን ዞሮ ነው። ይህ ሁሉ ጠፍቶት እንዳይመስልሽ። በሥራ ቀን «ይሄማ የበዓል ቀን ሥራ ነው» ይላል። ማረስ የሚከለከልበት በዓል ሲመጣ ደግሞ «በበዓል ማን ይሠራል» ብሎ ነጠላውን አጣፍቶ ማኅበር ይሄዳል። የአገራችንን በዓል ብዛት ታውቂያለሽ፤ ሁሉም እንዲህ አለፈ።

ጠበሉ አልረዳው ሲል የንስሐ አባቱን «ምናልባት ነገሩ ከቤቱ ይሆናል፤ መጥተው ይርጩልኝ» ብሎ ለመናቸው። ቄሱ መጡ። ሲገቡ በሩ ነጠላቸውን ያዘው፤ ሊያላቅቁ ሲታገሉ ሰውዬው ሮጦ በትከሻው አነሣላቸው።

«ይህን በየቀኑ ነው የምታነሣው?» አሉት።

«አዎ አባቴ። ምንም አይል፣ ለምጄዋለሁ።»

ቄሱ ቤቱን ረጩ። ሲጨርሱ ስለ እርፉም ስለ መጥረቢያውም ጠይቀው ሰሙና ቀኖና ሰጡት። «ነገን በዓል ነው ብለህ ያዘው፤ በሬ እንዳትጠምድ። ማኅበር ግን የለም። ለበዓል ቀን ያልከውን ሁሉ ነገ ትሠራዋለህ።»

«ዝናቡ እኮ እየሄደብን ነው፣ አባ» አለች ሚስቱ፣ ንዴቷን እንደምንም ውጣ። ቄሱ ግን ቃላቸውን አላጠፉም።

ቀኖና ነውና ሰውዬው ታዘዘ። ጠዋት ተነሥቶ አዲስ ጠፍር ቆረጠና በሩን አሰረ። ቢላዋው ከእጁ ሳይወጣ የእርፉን ስንጥር ላገው፣ በተረፈው ጠፍርም ጠፍንጎ አሰረው። ከዚያ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እግሩ እየከበደው፣ ጎረቤቱ ደጅ ሄዶ ቆመ። ጎረቤትየው መጥረቢያውን ልብም አላለው።

«ምን በድለነው ነው ስንል ነበር እኮ» አለው። «ደጃችንን እርም አልከው።»

ሰውዬው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለአንድ መጥረቢያ ብሎ ሰው አጥቶ ኖሯል።

በማግስቱ ገና ሲነጋ ትከሻውን አመቻችቶ በሩን ቢገፋው በሩ ከፊቱ ሸሸ። ሊወድቅ ምንም አልቀረውም፤ ብቻውን ሳቀ። በአጭሩ መንገድ ሄደ፣ ጎረቤቱን «እንዴት አደርክ» ብሎ አለፈ፣ በሬዎቹን ጠመደ። ረፋዱ ላይ የሚስቱ ወንድም መሬቱን ሊረከብ የራሱን በሬዎች እየነዳ ሲመጣ፣ ማሳው ከዳር እየጠቆረ፣ ሰውዬው ቀና ሳይል ሲያርስ አገኘው። ጥቂት ቆሞ አየና በሬዎቹን ወደ መጡበት መለሳቸው።

እንግዲህ ስንዱ፣ የዚያ ሰውዬ በር አንቺም ቤት አለ። የከበደሽ ደብተሩ አይደለም። እሱ ጋ ሳትደርሺ አልዘጋ ያለውን ቁም ሣጥን ትታገያለሽ፤ ያልመለስሽው ሳህን እያሳፈረሽ ጎረቤትሽን ትሸሻለሽ፤ እህትሽ ስትደውል ያላነሣሽው ስልክ ሲከነክንሽ ይውላል። ጉልበትሽ የትም አልሄደም፣ በር በማንሣት እያለቀ ነው። ትምህርቱን ተዪው አትተዪው ዛሬ አልልሽም። እዚህ ከተቀመጥሽ ጀምሮ ግን ያን ቁልፉ የወለቀ ሹራብ በእጅሽ ስትሰበስቢ አይቼሻለሁ። መርፌና ክሩ መስኮቱ ላይ ነው፤ አምጪውና ከእሱ ጀምሪ።