እግር ያበቀለው የእመት ስኂን ቤት

ምእመናን ሆይ፣ ይህን ነገር እንደማታምኑ በቆምኩበት እምላለሁ፤ ቢሆንም ስሙት። በባሕር ዳርቻ ባለች መንደር እመት ስኂን የምትባል ባልቴት ነበረች፤ እመቤታችንንም እጅግ ትወድ ነበርና በየማለዳው በሥዕሏ ፊት ሰግዳ «ሰላም ለኪ» ሳትል እህል አትቀምስም ነበር። አንድ ዓመትም ማዕበል ተነሥቶ ጎጆዋን ወሰደባት፤ ያችንም ሥዕል ከጭቃ ውስጥ አገኘቻትና አልቅሳ «እመቤቴ፣ ዳግመኛ እግርሽን ውኃ አይነካውም» ብላ ተሳለች።

ከዚያም ግንድ አስቆርጣ በአሸዋው ውስጥ አጥልቃ ተከለችና በላዩ ርብራብ ረብርባ፣ በመሰላል የሚወጣበት ቤት ሠራች፤ በየግንዱም ሥር ስትሰግድ ግንባሯ አሸዋ ለብሶ ይውል ነበር። ጎረቤቷ አሻግሬ ግን፣ በሳቁ አህያ የሚያስበረግግ ሰው ነውና፣ ጎህ ሲቀድ ከቤቱ ሥር ቆሞ እንደ አውራ ዶሮ «ኩኩሉ» እያለ ይጮኽ ነበር።

«እመት ስኂን፣ ቆጥ ላይ ያደረ እንቁላል ይጥላል፤ አንዱን ጣይልኝ እንጂ» ይላታል።

እርሷም «ደኅና ዋል፣ ልጄ» ትለዋለች፤ መንደሩም እየሳቀ ወደ ሥራው ይሄዳል።

በአስተርእዮ ማርያም ዋዜማ ወደ ማታ ባሕሩ ተነሣ። ነፋሱም የሽማግሌዎቹን ጢም ነቅሎ በልጆቹ አገጭ ላይ ተከለው፤ ዓሣዎችም በየደጁ ገብተው ምድጃ ዳር ተቀመጡ። ሕዝቡም ከነልጁ ከነፍየሉ ወደ እመት ስኂን መሰላል ሮጠ፤ አሻግሬም ከሁሉ ኋላ ደረሰና ውኃው እስከ አንገቱ ሲመጣ እንኳ አፍሮ ቀና አላለም። እርሷ ግን መቀነቷን ፈትታ ወረወረችለትና «ያዝ፣ ልጄ፤ ስትገባ ራስህን እንዳትመታ፣ ጣራው ዝቅ ያለ ነው» አለችው።

ከዚያም ግንዶቹ ይንቋቁ ጀመር፤ ውኃውም ርብራቡን አልፎ የሕዝቡን እግር አራሰ፤ ወደ ሥዕሏም ጣት ያህል ቀረው። እመት ስኂንም «እመቤቴ፣ እኔ የምችለው እስከዚህ ነው» አለች። ወዲያውም ብርሃን ቤቱን ሞላውና ነጭ የለበሰች ሴት በማዕበሉ ላይ ስትራመድ፣ ግንዶቹንም እንደ ልጅ ጉንጭ እየዳሰሰች ስታልፍ አዩ፤ የዳሰሰችውም ግንድ ሁሉ እንደ ማሽላ አገዳ ያድግ ጀመር። ውኃው ክንድ ሲጨምር ግንዱ ሁለት ክንድ ይጨምር ነበርና ፍየሎቹ ደመና ሊግጡ ምንም አልቀራቸውም። ከሕዝቡ አንድ ነፍስ አልጠፋም፤ የሥዕሏንም እግር ጠብታ አልነካውም።

ሲነጋ ባሕሩ ተኛ፤ ግንዶቹም ቀስ ብለው ወደ ቀድሞ ቁመታቸው ወረዱ፤ ሕዝቡም በዕንባና በእልልታ ምስጋና አቀረበ፤ ከዚያም ወዲህ መንደሩ ሁሉ ቤቱን በግንድ ላይ ይሠራል። እነዚያን ከውኃ በላይ ያነሣች እናት እናንተንም የምትሰሙትን፣ ጎርፍ በማይደርስበት በልጇ ቤት ታኑራችሁ፤ አሜን።

በዚያች ማለዳ ግን አሻግሬ ከፍየሎቹ መካከል አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር፤ ሚስቱ ትብለጥም ፀሐይዋን አየችና፦ «ምነው ዝም አልክ፣ ነጋ እኮ፤ ጩኽ እንጂ» አለችው።