ይማርህ የተከለከለበት አገር

ቂ ቂ ቂ ቂ! ቆይ፣ ቆይ፣ ትንፋሼን ልሰብስብ! ይቺን ዶሮ ባሰብኳት ቁጥር ሆዴን ያመኛል። ኧረ አሁን አልነግራችሁም! ዶሮዋ መጨረሻ ላይ ናት፤ የንጉሡ አፍንጫም እዚያው ነው፤ ጥሩ ጥሩው ሁሉ እዚያ ተቀምጦላችኋል። እስከዚያ ግን ብዙ ጭንቅ አለ። ተጠጉ። አንተ፣ እግርህን ሰብስብ፣ እህትህ ትቀመጥበት።

በድሮ ዘመን፣ ደምሳሽ የሚባል ንጉሥ ነበረ። ደምሳሽ ጎበዝ ነበረ፤ ደምሳሽ ሀብታም ነበረ፤ ግን ደምሳሽ ቀናተኛ ነበረ። የሚቀናው በማን መሰላችሁ? በእግዜር!

እንዴት አትሉኝም? ንጉሡ የውሃ ጉድጓድ አስቆፈረ። ሕዝቡ ጠጣና «ተመስገን አምላኬ!» አለ። ድልድይ አሠራ። ሕዝቡ ተሻገረና «ተመስገን አምላኬ!» አለ። ጎተራ ከፍቶ ለድሃ እህል ሰፈረ። ድሃው ቁናውን ታቅፎ ወደ ሰማይ አንጋጠጠና «ተመስገን አምላኬ!» አለ።

ንጉሡ በገነ። «የቆፈርኩት እኔ! የሠራሁት እኔ! የሰፈርኩት እኔ! አንድ ሰው እንኳ ደምሳሽ ይመስገን አይልም?» አለና ነጋሪት አስጎሰመ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ «ቤተ ክርስቲያን ይዘጋ!» ተባለ፤ ተዘጋ። በሁለተኛው ቅዳሜ «ማተብ ከአንገት ይበጠስ!» ተባለ፤ ተበጠሰ። በሦስተኛው ቅዳሜ የመጣው ከሁሉም ባሰ። «የእግዚአብሔርን ስም፣ የማርያምን ስም፣ የቅዱሳንን ስም የጠራ፣ በስማቸውም የመረቀ፣ ይታሰር! ንጉሡ የነገሠበት ዕለት ሲከበር በአደባባይ ምላሱ ይቆረጥ! ንብረቱም ለጠቆመበት ሰው ይሰጥ!»

ወይ ጭንቅ! ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ በልብ ይጸለያል። ማተብ ከአንገት ሲበጠስ ከመቀነት ሥር ይታሰራል። ምላስን ግን ምን ያደርጉታል? ምላስ እኮ ያደገበትን ነው የሚናገረው። ሰው ሲደናቀፍ «በስመ አብ!» ይላል። ሲደነግጥ «እመብርሃን!» ይላል። ሰው ሲያነጥስ ደግሞ «ይማርህ!» እንለዋለን፤ እሱም «ያኑርህ!» ብሎ ይመልሳል። የሚምረው ማነው? የሚያኖረውስ? እግዜር ነዋ! ስለዚህ ይማርህም ተከለከለ፣ ያኑርህም ተከለከለ።

አገሩ ጭጭ አለ። ገበያው ጭጭ። መንገዱ ጭጭ። ለቅሶ ቤቱ እንኳ ጭጭ። አንዱ ሲያነጥስ አጠገቡ ያለው አፉን በሁለት እጁ ይይዛል። ልጅ ሲወድቅ እናት ከንፈሯን ትነክሳለች። ባልና ሚስት እንኳ ሲተኙ፣ «በእንቅልፍ ልቤ ያመልጠኛል» ብለው አፋቸውን በነጠላ ይሸብቡ ነበር። እርስ በእርስ መተማመን ቀረ፣ ልጆቼ። ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያይ የሚያየው ዐይኑን ሳይሆን ከንፈሩን ሆነ።

በዚያ አገር ቢያድግልኝ የሚባል ብልጥ ሰውዬ ነበረ። ማረስ አይወድም፤ መነገድ አይወድም፤ መብላት ግን ይወዳል! አዋጁን ሲሰማ እጁን አፋተገ። «እንጀራዬ ለካ በሰው አፍ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል!» አለ።

በርበሬ አደቀቀ፣ በከረጢት ቋጥሮ ወገቡ ላይ አንጠለጠለ፣ ገበያ ወጣ። እህል ሻጩ አጠገብ ቆሞ ከበርበሬዋ ቆንጠር አድርጎ አሸተተና «እጥሽው!» አለ። እህል ሻጩ ምኑንም ሳያስብ «ይማርህ!» አለው። አለቀ! ሰውዬው ታሰረ፤ በሬው ለቢያድግልኝ ሆነ።

ሁለተኛ ደግሞ መንገድ ላይ ድንጋይ አጋደመና ቁጥቋጦ ሥር ተደበቀ። አንድ ሽማግሌ መጡ፣ ተደናቀፉ፣ «በስመ አብ!» አሉ። አለቀ! ሽማግሌው ታሰሩ፤ ላማቸው ለቢያድግልኝ ሆነች።

ሦስተኛዋን ልንገራችሁ። አንጓች ትባላለች። አንጓች አዋላጅ ናት። ባሏ የሞተባት፣ ደግ፣ ግን ፈሪ ሴት ናት። ፈሪ ስላችሁ፣ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ክው የምትል! ያላት ንብረት አንዲት ቀይ ዶሮ ናት። ልጇ ይርገዱ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል።

እናንተ ምን ታውቃላችሁ፤ ሴት ስታምጥ ሴቶቹ ከበው «ማርያም ማርያም» ይሉላታል። ያቺ ቃል ናት ጉልበት የምትሆናት። ከአዋጁ ወዲህ ግን ሴቶች ነጠላ ነክሰው፣ ዕንባቸውን እየዋጡ፣ እንደ ሌባ በዝምታ ነበር የሚያዋልዱት። ይርገዱ ይኼን አይታ ፈራች።

«እማዬ፣ በእኔ ጊዜም ዝም ልትይ ነው?» አለቻት።

«ኧረ በጆሮሽ እልልሻለሁ» አለች አንጓች፣ እየተንቀጠቀጠች። «አንቺ ብቻ እንድትሰሚው፣ ቀስ ብዬ እልልሻለሁ።»

«እኔ ልሙት?»

«አንቺ ትሙቺ! ምላሴ በአፌ ካለ እልልሻለሁ።»

ቢያድግልኝ የአንጓችን ቀይ ዶሮ አየና ጎመጀ። ሄደና አጠገቧ «እጥሽው!» አለ። አንጓች አፏን በሁለት እጇ ያዘች። በማግሥቱ በመንገዷ ላይ ድንጋይ አጋደመ። አንጓች ተደናቀፈች፣ አውራ ጣቷ ደማ፣ ከንፈሯን ነክሳ እያነከሰች አለፈች። በሦስተኛው ቀን ጋቢውን አዘቅዝቆ ለብሶ፣ ደረቱን እየደቃ በሯ ላይ መጣ።

«እቴ አንጓች! እናቴ ሞተችብኝ! እናት ዓለሜ! ለእኔ አንድ የሚያጽናና ሰው ይጥፋ?»

አንጓች አታላይ መሆኑን ታውቃለች! ግን እናቱ ታመዋል ሲባልም ሰምታለች። ወደ ዶሮዋ አየች። ወደ ልጇ ቤት አየች። በልቧም እንዲህ አለች፦ «ከዋሸ ኃጢአቱ የራሱ ነው። እውነቱን ከሆነስ? እናቱ የሞተችበትን ሰው እንደ ውሻ ዝም ብዬ ልሸኘው? ያኔ እኔ ምኑን ክርስቲያን ሆንኩት!»

ዐይኗን ጨፈነች። «እግዜር ያጥናህ፣ አያ ቢያድግልኝ» አለች።

ቢያድግልኝ ዕንባውን ባንዴ ጠረገ። «እናቴስ ተሽሏት ገንፎ እየበላች ነው። በይ ቅደሚ፤ ዶሮዋን እኔ እይዛታለሁ» አላት።

ያ ቀን ደግሞ ንጉሡ የነገሠበት ዕለት የሚከበርበት ነበር። አደባባዩ ጢም ብሏል፤ ድምፅ ግን የለም። እህል ሻጩ ታስሮ ቆሟል። ሽማግሌው ታስረው ቆመዋል። ሌላም ስንቱ! ካራ ያዡ ካራውን ይስላል፤ ሸክ፣ ሸክ፣ ሸክ። አንጓችን መጀመሪያ አቀረቧት።

ንጉሡ ከዙፋኑ ጎንበስ ብሎ አያት። ደቃቃ ሴት ናት፤ ትንሽ አሳዘነችው መሰለኝ። «አንቺ ሴትዮ» አላት፣ «ሞኝ አትሁኚ። ደምሳሽ ያጥናህ ብለሽ አስተካክይውና ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

«ንጉሥ ሆይ» አለች አንጓች፣ «ነገ የእርስዎ እናት ቢሞቱ፣ እርስዎን ማን ያጥናዎት ልበል?»

ንጉሡ ቀላ። «ልጅ የለሽም?» አላት።

«አለችኝ፤ ወሯ ገብቷል።»

«እንግዲያው ለልጅሽ ስትዪ ካጂ።»

አንጓች አለቀሰች። «እሷን የሰጠኝን ክጄ፣ ለእሷ ምን እሆናታለሁ?»

«አትፈሪም?»

«እፈራለሁ እንጂ! ጉልበቴን አያዩትም? እየፈራሁ ነው፣ ንጉሥ ሆይ። መካዱን ግን አልቻልኩበትም።»

በዚህ መሃል አንዲት ሴት ከሕዝቡ ውስጥ ተሹለክልካ መጣችና በአንጓች ጆሮ «ይርገዱን ምጥ ያዛት። እናቴን ጥሩልኝ እያለች ነው» ብላ አንሾካሾከች። አንጓች ቃል ገብታላት የለ! ማን ይበልላት? በምን ምላሷ?

ንጉሡ ተቆጣ። «ምላሷን አስወጣ!» አለ። ካራ ያዡ ቀረበ። አገጯን ያዘ። የካራው ቅዝቃዜ ከንፈሯን ነካት...

ቆይ፣ አታልቅሱ! ዶሮዋ መጣች! ቂ ቂ ቂ!

ያ ሆዳም ቢያድግልኝ፣ ሰው በዚያ ጭንቅ ላይ እያለ፣ ዶሮዋን በብብቱ እንደሸጎጠ ወደ ዙፋኑ ተጠጋ። «ንጉሥ ሆይ፣ ካራው ከማረፉ በፊት ዶሮዋ የእኔ መሆኗ ይነገርልኝ» ብሎ እጅ ሊነሳ እጥፍ ሲል፣ ዶሮዋን በክርኑ ጨፈለቃት። እሷ እቴ፣ መች ዝም ትላለች! «ቋቋቋቋ!» ብላ ክንፏን ዘረጋች፣ በጥፍሯ ከረጢቱን ዘነጠለችው። በርበሬው ቡን! በክንፏ ታራግበዋለች፣ ነፋሱ ይቀበላታል፣ ወዴት? ቀጥ ብሎ ወደ ንጉሡ አፍንጫ!

«እጥሽው!» አለ ንጉሡ። ሕዝቡ ጭጭ።

«እጥሽው!» አለ። ባለሟሎቹ ጭጭ፤ መሬት መሬት ያያሉ።

«እጥሽው!» አለ፣ ዘውዱ ከራሱ ላይ ወድቆ ተንከባለለ። ቢያድግልኝ ከልማዱ አፉን ከፈት አደረገና፣ ምላሱ ትዝ ሲለው ግጥም አድርጎ ዘጋው።

ንጉሡ ዐይኑ ቀላ፣ ትንፋሹ ተቆረጠ፣ የዙፋኑን ክንድ ጨብጦ ግራና ቀኙን አየ። ያን ሁሉ ሠራዊት፣ ያን ሁሉ ሕዝብ አየ። አንድ ሰው የለውም። አንጥሶ ይማርህ የሚለው ያጣ ሰው ታዩታላችሁ? በቁሙ የተረሳ ነው። ንጉሡን ብርድ ብርድ አለው። አራተኛውን «እጥሽው!» ሲል ከዙፋኑ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

ያኔ ከካራው ሥር አንዲት ቀጭን ድምፅ ወጣች። «ይማርዎ፣ ንጉሥ ሆይ!»

ንጉሡም ምኑንም ሳያስብ «ያኑርሽ!» አላት።

ኧረ ጉድ! ካራ ያዡ አንዴ አንጓችን፣ አንዴ ንጉሡን አየ። ያው የታዘዘውን የሚሠራ የዋህ ሰው ነው። «ንጉሥ ሆይ» አለ፣ «ከየትኛው ምላስ ልጀምር?»

ንጉሡ እንደ ሕዝቡ ሁሉ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ኋላ እጁን ቀስ ብሎ አወረደው።

«እናቴ ናት ያስተማረችኝ» አለ። «ያኔ ገና ድክ ድክ ስል።» ከዚያ ወደ አንጓች ዞረ። «ካራ አፍሽ ላይ ተደግኖ ነው ይማርዎ ያልሽኝ?»

«አነጠሱ እኮ» አለች አንጓች።

ንጉሡ ዘውዱን ከአፈር ላይ ራሱ አነሳ፣ በጋቢው ጠረገው፣ መልሶ ግን አልደፋውም። «አዋጁ ተሽሯል። የታሰረው ይፈታ። የተዘጋው ይከፈት። ቢያድግልኝም የወሰደውን አንድ ሳያስቀር ይመልስ» አለ።

አንጓች እጅ መንሣቷንም እንጃ። ሮጠች! ነጠላዋ ከኋላ ይውለበለባል፣ ያ የቆሰለ አውራ ጣቷ ይደማል፣ እሷ ትሮጣለች። ደረሰች። ሴቶቹ ነጠላ ነክሰው ይርገዱን ከበዋል። ይርገዱ ከንፈሯ ደርቋል፣ ዐይኗ በሩ ላይ ተተክሏል። አንጓች ገና ከደጁ፣ በጆሮ መሆኑ ቀርቶ በሙሉ ጉሮሮዋ፣ «ማርያም! ማርያም!» አለች።

ሴቶቹ ደነገጡ። ኋላ አንዷ ነጠላዋን ከአፏ አወጣች። ሁለተኛዋም አወጣች። ከዚያ ያ ስንት ወር የታመቀ ድምፅ ሁሉ ባንዴ ፈነዳ። «ማርያም! ማርያም! ማርያም!» ጎረቤቱ ተቀበለ፣ ማዶ መንደሩ ተቀበለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ይርገዱ ሴት ልጅ ተገላገለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ሲባል ወንዶቹ ሳይቀሩ ደጅ ቆመው አለቀሱ።

እና ልብ በሉ፣ ልጆቼ። ክፉ ቀን ሲመጣ ብትፈሩ አይፈረድባችሁም፤ አንጓችም ፈርታለች። ፍሩ፣ ተንቀጥቀጡ፣ አልቅሱ፤ ብቻ አትካዱ። በሰው አፍ ወጥመድ የሚያጠምድ ደግሞ ወጥመዱ አንድ ቀን በራሱ አፍንጫ ይገባል።

ገባበት እንጂ! ቢያድግልኝ በሬውን መለሰ፤ ላሟን መለሰ። ዶሮዋን ግን «አምልጣኝ ሸለምጥማጥ በላት» ብሎ ካደ። ያ በርበሬ ታዲያ ከአፍንጫው አልወጣ አለ። በሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ መሃል «እጥሽው!» አለ። እህል ሻጩ አየውና አፉን ያዘ። «እጥሽው!» አለ። ሽማግሌው አዩትና አፋቸውን ያዙ። አዋጅ የለም እኮ! አሁን ቂም ነው። ቢያድግልኝን ማስነጠሱ ወገቡን ሰበረው፤ ዕንባውም በዚህ ጊዜ የእውነቱን ነበረ።

«እጥሽው!» አለ ሦስተኛ፣ በልመና ዓይን ግራ ቀኙን እያየ። ያኔ አንጓች ለአራስ ልጇ የምታርደው ፍለጋ ገበያ ወጥታ በዚያ ታልፋለች። ቆመች። ገበያው ሁሉ እሷን አየ፣ ምን ትል ይሆን ብሎ። ከቢያድግልኝ ጋቢ ሥር «ቋ፣ ቋ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

አንጓችም ጠጋ ብላ እንዲህ አለችው፦

«ይማርህ፣ አያ ቢያድግልኝ። ዶሮዬን ግን ከጋቢህ ሥር አውጣት።»