ያልተጠየቀው ቁልፍ

አንድ መካኒክ በአንዲት የገበያ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ይርዳው ይባላል። ሐኪም የበሽተኛን የልብ ትርታ እንደሚያዳምጥ፣ እሱም የቀኝ እጁን ጣቶች በሞተር ላይ አሳርፎ የመኪናውን ሕመም ያውቅ ነበር። በዚያችው እጁ ቤተ ሰቡን ያበላል፤ በዚያችው እጁ ጠዋትና ማታ አመልካች ጣቱን ከአውራ ጣቱ ጋር አመሳቅሎ ያማትባል።

ይርዳው ከመምህሩ የተቀበላት አንዲት ሥርዓት ነበረችው። ኮፈን ከፍቶ እጁን ወደ ሞተር ከመስደዱ በፊት ሞተሩን ያስጠፋል፤ የመኪናውን ቁልፍ ከባለቤቱ ይቀበላል፤ ቁልፉንም በአንገቱ ካለው ማዕተብ ጋር አያይዞ ያንጠለጥለዋል። ሥራው ተፈጽሞ ኮፈኑ እስኪከደን ድረስ ቁልፉ ከአንገቱ አይወርድም። መምህሩ ይህን ሲያስተምሩት፣ «ልጄ፣ ብረት ፊት አይቶ አያዳላም። እጅህ በሞተር ውስጥ ሳለ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ከሆነ፣ እጅህ የአንተ አይደለም» ብለውት ነበር።

ከደንበኞቹ አንዱ የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው ዳምጠው ነው። ዳምጠው ቁልፉን በሰጠ ቁጥር ሳይቀልድ አያልፍም።

«እንካ፤ ከመስቀልህ ጋር እሰርልኝ። ምናልባት ይህች አሮጊት መኪና ትጠመቅ እንደሆነ።»

«ይልቅ አንተ ብትጠመቅ ይሻላል» ይለዋል ይርዳው። «ቁልፍህ አንገቴ ላይ ሳይውል ግን እጄ አይገባም።»

«ሌባ ነህ በለኝና ይውጣልህ።»

«ሌባ አላልሁህም። ትረሳለህ አልሁህ እንጂ፤ ሰው ነህና።»

ዳምጠው ስቆ ይሰጠው ነበር። ታክሲ ነጂውም፣ አስተማሪውም፣ እህል ነጋዴውም እንዲሁ ይሰጡ ነበር። ሥርዓቷ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳትፈርስ ኖረች።

በዚያች ከተማ አቶ አንዳርጌ የሚባሉ ባለጸጋ ነበሩ። የደብሩን ጣራ በቆርቆሮ ያስለበሱ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ በመንገድ ሲያልፉ የተቀመጠ ሁሉ የሚነሣላቸው ሰው ናቸው። በደብሩ ዓመታዊ ክብረ በዓል ጠዋት መኪናቸው እየጮኸ አላስኬድ ቢላቸው ወደ ይርዳው ጋራዥ ጎራ አሉ። ነጭ የሀገር ልብስ ለብሰው ስለ ነበር፣ የጋራዡን ዘይትና ጭቃ ጠልተው ከመሪው ሳይነሡ በመስኮት ብቅ አሉ።

«ይርዳው፣ ታቦቱ ሊወጣ ነው። ቶሎ በልልኝ።»

ይርዳው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። «ሞተሩን ያጥፉልኝ፣ ጌታዬ» አለ። አጠፉ። ቁልፉ ግን እንደ ተሰካ ቀረ። ይርዳው እጁን ወደ መስኮቱ ዘረጋ፤ አፉንም ከፈተ።

«ምን ጎደለ?» አሉ አቶ አንዳርጌ።

«ኧረ ምንም፣ ጌታዬ» አለ ይርዳው፤ በዘረጋው እጅም የመስኮቱን ጠርዝ በጨርቅ ወለወለበት።

ዳምጠው በዚያ ተራውን እየጠበቀ ቆሞ ነበርና ቀረብ ብሎ በጆሮው፣ «ቁልፉስ?» አለው።

«ዝም በል። እሳቸውን ቁልፍ አምጡ እንዴት እላለሁ? አላምንዎትም ማለት እኮ ነው።»

«እኔን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትለኝ ምን ማለትህ ነበር?»

«አንተማ ወንድሜ ነህ። ደግሞ ለአንዲት ደቂቃ ነው።»

ይርዳው ኮፈኑን አነሣ። የተነሣው ኮፈን በእርሱና በአቶ አንዳርጌ መካከል እንደ መጋረጃ ቆመ፤ አንዱ ሌላውን አያይም። ማራገቢያውን የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ነበርና፣ ይርዳው የቀኝ እጁን ጣቶች በቺንጋውና በመንኰራኩሩ መካከል አስገብቶ ይፈትሽ ጀመር። በዚያች ቅጽበት ከደብሩ ከበሮ ተመታ፤ እልልታም ቀለጠ። ይርዳው በግራ እጁ የያዘው መፍቻ አምልጦት ወደቀና ብረት ከብረት ተጋጨ። አቶ አንዳርጌ ይህን ሲሰሙ መፍቻውን ያስቀመጠ፣ ሥራውም ያለቀ መሰላቸው። ታቦቱ ሳያልፋቸው ለመድረስ ቸኩለው ቁልፉን ጠመዘዙ።

ሞተሩ ተነሣ። ዳምጠው «ያጥፉት» ብሎ ሲጮኽ ከበሮው ድምፁን ዋጠው። አመልካቹን ጨምሮ ሦስት ጣቶች በዚያው ቀሩ።

ከሳምንት በኋላ አቶ አንዳርጌ ሙክት አስጎትተው ሊጠይቁት መጡ። በአልጋው ራስጌ ተቀምጠው፣ «ምን ይደረግ ይርዳው፤ ፈቃደ እግዚአብሔር ነው። ከላይ የታዘዘ አይቀርም» አሉ።

ይርዳው የተጠቀለለ እጁን በጋቢው ውስጥ ሸሸገ። «አዎን ጌታዬ፤ እርስዎ ምን ያድርጉ» አለ።

እሳቸው ከወጡ በኋላ በደጃፉ በኩል ተቀምጦ የነበረው ዳምጠው፣ «ያን ዕለት ከመሪው የተቀመጠው እግዚአብሔር አልነበረም» አለ።

«ዐውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሃቸውም?»

«ሙክት ይዞ ለመጣ ሰው ምን ይባላል?»

ቁስሉ ሲደርቅ ይርዳው ወደ ጋራዡ ተመለሰ፤ በግራ እጁ መፍቻ መያዝንም እንደ ሕፃን ተማረ። ሲያማትብ ግን ልማድ ሆኖበት ቀኙን ያነሣል፤ የሚያመሳቅለው ጣት እንደሌለ ትዝ ሲለው መዳፉን በግንባሩ ላይ ያሳርፋል። በደብሩ ዐውደ ምሕረት አቶ አንዳርጌ ከፊት በምንጣፍ ላይ ቆመው ሲያማትቡ፣ እሱ ከኋላ ሆኖ ጣቶቻቸውን ይመለከት ነበር።

ዓመት ሲሞላ አቶ አንዳርጌ እንደ ገና መጡ፤ እንደ ገናም ከመሪው አልወረዱም። ይርዳው ኮፈኑን ሳይነካ ወደ መስኮቱ ሄደና ሁለት ጣት የቀረውን እጁን ዘረጋ።

«ቁልፉን ይስጡኝ፣ ጌታዬ።»

አቶ አንዳርጌ እጁን አይተው ፊታቸውን መለሱ። «እኔን ነው ይርዳው? ይህን ሁሉ ዘመን ተዋውቀን አታምነኝም?»

«አምኜዎት ነበር» አለ ይርዳው።

አቶ አንዳርጌ መስታወቱን ዘግተው፣ መኪናውን አዙረው፣ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ጋራዥ ገቡ። የዚያ ጋራዥ መካኒክ በሩጫ ወጥቶ እጅ ነሣ፤ ሞተሩን ያጥፉልኝ አለ፤ ኮፈኑንም አነሣ። ቁልፍ አልጠየቀም። የከተማውም ሰው ስለ ይርዳው፣ «ጣቱን ካጣ ወዲህ ትልቅ ሰው አያከብርም» ብሎ አወራ።

ወገኖች ሆይ፣ እናስተውል። አቶ አንዳርጌ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይርዳውም ሙያውን የማያውቅ አልነበረም። ጣቶቹን ያሳጣችው ለሹፌሩ ጸንታ ለባለጸጋው የተንበረከከች ሥርዓት ናት። እኛ ይሉኝታን ትሕትና ብለን እንጠራዋለን። ትሑት ሰው ግን እውነትን አጎንብሶ ይናገራታል እንጂ አይውጣትም። የገዛ እጃችን ያደረገውን በፈጣሪ ስም ስንሸፍነውም፣ ከማዶ ላለው ለሌላው ሰው እጅ ያንኑ መንኰራኩር እናዘጋጃለን።

አንተስ አንባቢ ሆይ፣ አፍረህ ሳትጠይቀው የተውኸው ቁልፍ ዛሬ በማን እጅ ነው?