የጥሩምባ ነፊው ስልክ

አንድ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበር። ስሙ ሽብሩ ነው፤ ሰፈሩ ግን ጋሽ ሽብሩ ይለዋል። እድር መቼም ታውቃላችሁ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ አብሮ የሚቀብር፣ ሐዘንተኛውን ብቻውን የማይተው የጎረቤት ማኅበር ነው። የዚያ ሁሉ መጀመሪያ ደግሞ ጋሽ ሽብሩ ነበር። እሱ ካልተናገረ ማን ሰምቶ ይመጣል? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ባረፈ ቁጥር በማለዳ ተነስቶ፣ ጥሩምባውን በማንገቻው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይወጣል። ሰፈሩ ዘጠኝ ማዕዘን አለው። በዘጠኙም ላይ ይቆማል፣ ይነፋል፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ዝናብ ቢዘንብ፣ ጉልበቱን ቢያመው፣ አንዱንም ማዕዘን ዘሎ አያውቅም።

ኋላ ሰፈሩ ተለወጠ። ጣሪያ ለጣሪያ ይነካካ የነበረው ቤት ፈረሰና ፎቅ በቀለበት። መኪናው በዛ። አምስተኛ ፎቅ ላይ መስኮቱን ዘግቶ ለተቀመጠ ሰው ጥሩምባ ምን ያደርግለታል? አንድ ቀን አንዲት ሴት የአበልጇ ቀብር አመለጣትና የእድሩ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «ሽብሩ ሳይነግረኝ» እያለች ነው የምታለቅሰው። ነግሯል እኮ፤ እሷ አልሰማችም እንጂ። ጋሽ ሽብሩ ያን ለቅሶ ሰምቶ ምሳውን መብላት አቃተው።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ሰይፈ ነገሩን አስበውበት መላ አመጡ። አባላቱን ሁሉ በስልክ አንድ ግሩፕ ውስጥ ሰበሰቡ። ለጋሽ ሽብሩም በጣት የሚነካ ስልክ ተገዛለት። «ከእንግዲህ በዚህ ትናገራለህ። አንድ ጊዜ ተናግረህ ሁሉም ይሰማሃል» አሉት። ጋሽ ሽብሩ ስልኩን ተቀበለ። ፈራው፤ ግን ያቺን ሴት አስቦ ተቀበለው።

እንግዲህ ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ክፉ ሰው አምጥቶት እንዳይመስላችሁ፤ ደጎቹ ናቸው ያመጡት።

መጀመሪያ ሰው ያረፈ ቀን ጋሽ ሽብሩ ስልኩን ይዞ ልጁ ስንዱ ዘንድ ሄደ።

«ስንድዬ፣ እስቲ አሳዪኝ እንዴት እንደሚደረግ።»

«አምጣው አባዬ» አለችና ከእጁ ወሰደችው። ጣቷ እንደ ዶሮ መንቁር ጠቅ ጠቅ ጠቅ አለ። «እዚህ ጋ ተናገር።» ተናገረ። «በቃ፣ ሄደ።»

«የት ሄደ?»

«ሄደ አልኩህ እኮ።»

በሁለተኛው ጊዜ የእድሩን ጸሐፊ ጠየቀ። ጸሐፊውም ደግ ሰው ነው፤ «አንተ አትልፋ» ብሎ ከእጁ ወሰደለት። በሦስተኛው ጊዜ መንገድ ላይ ያገኘው ጎረቤት ወሰደለት። ሁሉም ይወስዱታል፣ ሁሉም ይነካኩታል፣ ሁሉም «በቃ» ብለው ይመልሱለታል። ጋሽ ሽብሩ አመስግኖ ይቀበልና ጥቁሩን መስተዋት ያየዋል። መስተዋቱ መልሶ የሚያሳየው የራሱን ፊት ብቻ ነው።

አራተኛው ሟች ልብስ ሰፊው ቶላ ሆነ። የዚያን ቀን ስንዱ ሥራ ገብታለች፣ ጸሐፊው ክፍለ ሀገር ሄዷል፣ ጎረቤቱም የለም። ጋሽ ሽብሩ ብቻውን ቀረ። ግን ከጎን ሆኖ ሲያይ አንዲት ነገር ይዟል፤ ያቺን የድምፅ ማጉያ ስዕል ተጭኖ መናገር፣ ከዚያ ጣትን ማንሳት። «ይቺን እንኳ አላጣትም» አለና ወጣ።

መጀመሪያው ማዕዘን ላይ ቆመና ተጭኖ ተናገረ። ጥሩምባ ሲነፋ በለመደው ድምፅ ነው የጮኸው። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ማዕዘን ሄደና ደገመው። ከዚያ ወደ ሦስተኛው። ምን ያድርግ ብላችሁ ነው? ድምፁ «ሄደ» ሲሉት የት እንደሚሄድ ማንም አልነገረውም። እሱ የሚያውቀው ድምፅ የሚሄደው እስከሚሰማበት ድረስ ነው። ስልኩንም ጥሩምባ አድርጎ ነው ያሰበው፤ እየተሸከሙ ማዕዘን ለማዕዘን የሚያዞሩት ነገር። ጉልበቱን እያመመው ዘጠኙንም ጨርሶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ «ተመስገን፣ ማንም አልቀረብኝም» አለ።

በየቤቱ ግን ስልኩ ዘጠኝ ጊዜ ጮኸ። በአብዛኛው ላይ ጣቱ ቶሎ ተነስቶበት የሟቹ ስም ሳይጠራ ተቆርጧል። «የእድሩ አባላት፣ ዛሬ ያረፉት...» ይልና ጭጭ። ሰው ምን ያስብ? በአንድ ጠዋት ዘጠኝ ሰው አለቀ ተባለ። አንዱ መኪና ተገልብጦ ነው አለ። ድንኳን ተካዮቹ ያለውን ድንኳን ሁሉ ጫኑ። አንዷ እናት በየት እንደወጣች ሳታውቅ ልጇ ወደሚሠራበት ሮጠች። የቶላ ሚስት ደግሞ ሐዘኗ ሳያንሳት ለቀስተኛ ሁሉ እየመጣ «ሌሎቹስ እነማን ናቸው?» ሲላት ዋለ።

በማግስቱ አቶ ሰይፈ ጋሽ ሽብሩን አስጠሩት።

«ጋሽ ሽብሩ፣ አትቀየመኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለኸናል። አሁን ግን ስልኩን ለሌላ ሰው እንስጠውና አንተ እረፍ።»

«እረፍ» የሚለው ቃል ጋሽ ሽብሩን ጎኑ ላይ ወጋው። ያን ሁሉ ዓመት ሰው ሁሉ ሲያርፍ ስሙን የጠራ እሱ ነው። አሁን እሱ በቁሙ ሊያርፍ ነው?

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «የቶላን ሚስት ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ግን እስከ መጪው ወር ስብሰባ ጊዜ ይስጡኝ። እዚያው አባላቱ ፊት፣ ማንም ሳይነካልኝ እኔው እልካለሁ። ካቃተኝ ስልኩንም ጥሩምባውንም አስረክባለሁ።»

«በዚህ ዕድሜህ ምን አደከመህ?»

«ዕድሜዬ ጉልበቴ ላይ ነው እንጂ ልቤ ላይ አልደረሰም።»

አቶ ሰይፈ ሳቁና እሺ አሉት።

ከዚያ ወጥቶ የት ይሂድ? እጀ ፈጣኖቹን ሁሉ አይቷቸዋል። በመጨረሻ ትዝ ያለችው እትዬ አፀደ ናት። እትዬ አፀደ ዓይነ ስውር ናት። ድሮ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ስልክ አገናኝ ነበረች። አሁን ጡረታ ወጥታ ደጃፏ ላይ ሹራብ ትሠራለች፤ አጠገቧም ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብላት ስልክ አለ። የመጣበትን ሲነግራት መርፌዋን አስቀመጠችና ሳቀች።

«ዘጠኝ ጊዜ የገደልከን አንተ ነህ አይደል?»

«እኔው ነኝ እትዬ አፀደ። በይ ሳቂብኝና አስተምሪኝ።»

«ስልኩ ማን እጅ ነው ያለው?»

«እኔ እጅ።»

«እዚያው ይቆይ። እኔ ብወስደውም አላየው። አንተ ታያለህ፣ እኔ እጠይቃለሁ። ምን ይታይሃል?»

«ብዙ ነገር።»

«ብዙ ነገር የሚባል ነገር የለም ሽብሩ። ከላይ፣ ከግራ ጀምር። አንድ በአንድ ንገረኝ።»

ጋሽ ሽብሩ ንባብ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ በጣቱ እየተከተለ ነው የሚያነበው። ጀመረ። ሰዓቱን ነገራት፣ ባትሪውን ነገራት፣ ስዕሎቹን አንድ በአንድ ገለጸላት። ይቺኛዋ እንደ ፖስታ፣ ያቺኛዋ እንደ ወረቀት ወፍ። የመጀመሪያው ቀን በዚሁ አለቀ። አንዲት ነገር እንኳ እንዲነካ አልፈቀደችለትም።

«ሥራ የጀመርኩ ጊዜ» አለችው ሲሄድ፣ «አለቃዬ እጄን ይዞ ገመዱን ይሰካልኝ ነበር። ደግ ሰው ነው። ሁለት ወር ሙሉ አንድ መስመር ብቻዬን ማገናኘት አልቻልኩም። እሱ ታሞ የቀረ ቀን ነው የቻልኩት። ነገ ና።»

በማግስቱ መጣ። «ዛሬ ወደ ወንዙ ድልድይ ሂድና ቁም» አለችው። ሄደ። ድልድዩ ከቤቷ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። እንደቆመ ስልኩ ጮኸ፤ የድምፅ መልእክት ነው፤ እንደነገረችው ነካው፤ የእትዬ አፀደ ድምፅ ወጣ። «ሽብሩ፣ እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም» ይላል።

ጋሽ ሽብሩ ድልድዩ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ሰማው። ከዚያ ዘጠኙን ማዕዘን አሰበ፤ ያን ሁሉ ያነከሰውን መንገድ፤ ያን ሁሉ ጩኸት። ብቻውን ሳቀ። ካንድ ቦታ የወጣ ድምፅ የትም ላለ ሰው እኩል እንደሚደርስ የገባው ያኔ ነው። ስንዱ ያንን በአንድ አፍ ልትነግረው ትችል ነበር፤ ጣቷ ቀደመ እንጂ።

ወሩን ሙሉ ተመላለሰ። ሲሳሳት እትዬ አፀደ አታርመውም፤ «አሁን ምን ይላል?» ትለዋለች እንጂ። ቤት ሲገባ ስንዱ እጇን ትዘረጋለች። «አምጣ አባዬ፣ እኔ ላድርግልህ።» «እጅሽን ሰብስቢ ስንዱ» ይላታል። ሰው የለመደውን መንጠቅ ስላልተወ አንድ ቀን የጥሩምባውን ማንገቻ ፈታና ስልኩን በሱ አንገቱ ላይ አሰረው። ከዚያ ወዲያ ሊወስድ የፈለገ ጋሽ ሽብሩን ራሱን ጎትቶ መውሰድ አለበት።

የስብሰባው ቀን ደረሰ። የእድሩ አዳራሽ ሞላ። የቶላ ሚስትም ጥቁሯን ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። ጋሽ ሽብሩ ተነስቶ መሐል ቆመ፤ ስዕሏን ተጫነ። ስልኩ እምቢ አለ። አንድ ጽሑፍ መጣበት፤ አይቶት የማያውቀው ጽሑፍ።

አዳራሹ ውስጥ አንዱ «ዛሬ ደግሞ ስንት ሊገድል ነው?» አለና ሰዉ ሳቀ። ስንዱ ከወንበሯ ተነሳች። አቶ ሰይፈም እጃቸውን ዘረጉ። «አምጣው ጋሽ ሽብሩ፣ ሰው አይጉላላ፤ ጸሐፊው ያስተካክለው።»

ማንገቻውን ጨበጠና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ።

«ከእጄ አትውሰዱብኝ» አለ። «ጊዜ ስጡኝ።»

ከዚያ ከላይ፣ ከግራ ጀመረ። ጮክ ብሎ ነው ያነበበው፣ እትዬ አፀደ ፊቱ የተቀመጠች ይመስል። «ቦታ... ሞልቷል... ይላል።» አሰበ። ስልክ በምን ይሞላል? ለካ አባላቱ ግሩፑ ውስጥ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ ሲልኩበት ከርመዋል። አንድ በአንድ አጠፋቸው። ተመልሶ ስዕሏን ተጫነና እንደ ጎረቤት ወግ በዝግታ ተናገረ፦

«የእድራችን አባላት፣ ሽብሩ ነኝ። ዛሬ የሞተ የለም። ሁላችሁም በሕይወት አላችሁ።»

ጣቱን አነሳ። ከዚያ በየኪሱ፣ በየቦርሳው፣ በየጉያው ስልኩ ሁሉ ጮኸ። የቶላ ሚስት ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማችና፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

አንድ ስልክ ብቻ አልጮኸም፤ የሊቀመንበሩ።

አቶ ሰይፈ ስልካቸውን አገላብጠው አዩት። «ምን ነካው? ቤት ውስጥ ልጄ ነው የሚያስተካክልልኝ» አሉና አፈሩ። ከዚያ ለጋሽ ሽብሩ ዘረጉለት። «እስቲ አንተ እየው።»

ጋሽ ሽብሩ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ።

«አይ ሊቀመንበር፤ እርስዎ እጅ ላይ ይቆይ። ምን ይታይዎታል?»

«ብዙ ነገር ነው እንጂ...»

«ብዙ ነገር የሚባል የለም። ከላይ፣ ከግራ ይጀምሩ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ አቶ ሰይፈም አብረው ሳቁ። ግን ከላይ፣ ከግራ ጀመሩ። ዳታው ተዘግቶ ኖሯል። በራሳቸው ጣት ከፈቱትና የጋሽ ሽብሩ ድምፅ ከመዳፋቸው ወጣ፦ «...ሁላችሁም በሕይወት አላችሁ።»

ስልኩን ለሌላ ሰው የመስጠቱን ነገር ከዚያ ወዲያ ያነሳው የለም። ጋሽ ሽብሩ ዛሬም ለፋፊ ነው። ቤቱ ተቀምጦ አንዴ ይናገራል፤ ከዚያ ማን እንደሰማና ማን እንዳልሰማ ስልኩ ላይ ያያል፤ ላልሰማው ብቻ በእግሩ ሄዶ በሩን ያንኳኳል። ጉልበቱም ትንሽ ተሻለው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ነገሩ ይህ ነው። ከሰው እጅ ወስደን የምንሠራለት ሥራ ለዛሬ ያሳርፈዋል፤ ለነገ ግን እጁን ባዶ ያደርገዋል። ፍጥነታችንን ደግነት አድርገን እናየዋለን፤ ብዙ ጊዜ ግን ትዕግሥት ማጣት ነው። ሊማር የቆረጠም ሰው አያፍር፤ የያዘውን አጥብቆ ይያዝ፣ «ከእጄ አትውሰዱብኝ» ይበል፣ ከላይ ከግራ ይጀምር። ዓይን የሌላት ሴት ያስተማረችው ዓይን ካላቸው ሁሉ በልጣ አይደለም፤ መንጠቅ ስላልቻለች ነው።

እናንተስ? ባለፈው እናታችሁ ስልኳን ይዛ «እስቲ አሳዩኝ» ስትላችሁ፣ እጃችሁ ወዴት ሄደ?