የማንመሰል ጉብታና የባላምባራስ ጢም

ወይራ ውሃ የተባለው ወንዝ ከገደሉ ወደ ሜዳው በሚወርድበት ቦታ፣ ከገበያው መንገድ ዳር፣ አንዲት ዝቅ ያለች ጉብታ አለች። ከሩቅ ሲያዩዋት የተጋደመች ላም ትመስላለች እንጂ ስም የሚያሰጥ ነገር የላትም። አናቷ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ከብዙ ሰው መቀመጥ የተነሣ እንደ ወፍጮ መጅ ለስልሷል። የአገሩ ሰው ማንመሰል ይላታል። አራስ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ሁሉ፣ የአራሷ ቤት በሌላ አቅጣጫ ቢሆን እንኳ፣ ዞሮ መጥቶ እዚህ ድንጋይ ላይ ጥቂት ሳይቀመጥ አያልፍም። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ሽማግሌዎቹ አንዱ ካንዱ በጥቂቱ እየተለያዩ የሚከተለውን ይናገራሉ።

እንደሚነገረው፣ የውሃ ወፍጮ ለአገሩ ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ስታቭሮስ የሚባል አንድ ግሪካዊ መጥቶ ወይራ ውሃ ዳር ወፍጮ ተከለ። ስሙ ለአገሬው ምላስ ስላልተመቸ ብዙ ከተንገላታ በኋላ ሙሴ ስጦታው ሆኖ ቀረ። አማርኛውን የተማረው እህል ይዘው ከሚመጡት ሴቶች ነበርና ወንዱንም ሴቱንም፣ ቄሱንም ጭቃ ሹሙንም «አንቺ» ይል ነበር። መጀመሪያ የተቆጣ ሰው ነበረ ይባላል፤ በኋላ ግን «አንቺ» ለመባል ብቻ ሩብ ቁና እህል ተሸክሞ የሚመጣ ሽማግሌ እንኳ አልጠፋም። ነጭ ይባል እንጂ ጠጉሩም ጢሙም ዓይኑም ከሰል የመሰለ፣ የፊቱም ቀለም በፀሐይና በዱቄት መካከል ጠፍቶ የቀረ ሰው ነበር።

ይህ ስጦታው ደብሪቱ የምትባለውን ልጅ አገባ። ደብሪቱ ጠይም፣ ዓይነ ጥቁር፣ ለሰው ነገር መልስ የማታጣ ሴት ነበረች። አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ ያሳደጓት የአባቷ ወንድም ባላምባራስ ድልነሳሁ ናቸው። ባላምባራስ ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ሳይተነፍሱ የሚቆጥሩ፣ ራሳቸውንም ጢማቸውንም በየማለዳው የሚላጩ፣ ለዚህም ንጽሕናቸው በአገሩ የሚከበሩ ሰው ነበሩ።

ጊዜው ደርሶ ደብሪቱ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ መላጣ ሆኖ ስለተወለደ መጀመሪያ ማንም ምንም አላለም። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው የጆሮውን ጫፍ ገልብጠው አዩና «ይጠይማል» ብለው ፈረዱ። ልጁ ግን አልጠየመም። ቆዳው እንደ ወተት ነጥቶ ቀረ፣ ዓይኖቹ ቅጠል የወደቀበት የኩሬ ውሃ መሰሉ፣ ጠጉሩም ሲበቅል የበቆሎ ጭራ የመሰለ ቀይ ሆኖ ወጣ። አባትየው ጥቁር ጠጉር፣ እናትየው ጥቁር ጠጉር። ፍርዳቸው የተበላሸባቸው ሴቶች ተቆጥተው «ጆሮው ዋሸን» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ወደ አራሷ ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ ገና ከደጃፉ «ማንን መሰለ?» የሚል ሆነ። አንዷ በእርግዝናዋ ወራት ቀይ በሬ ቆዳ ላይ ተኝታ ነው አለች። ሌላዋ ማር አብዝታ ነው አለች። አንድ ሰው ግን በአጥር ጥግ ቆሞ፣ ባለፈው ክረምት መንገድ ሊለካ መጥቶ ያደረው ፈረንጅ ጠጉሩ ምን ዓይነት እንደነበር ጠየቀ። ያ ፈረንጅ ከመጣ እስኪሄድ ቆቡን ስላላወለቀ ጠጉሩን ያየ አልነበረም። አለመታየቱ ግን ወሬውን አበረታው እንጂ አላቆመውም።

ወሬው ባላምባራስ ዘንድ ሲደርስ በቅሏቸውን አስጭነው ወደ ወፍጮው ወረዱ።

«በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ጠጉር የለም» አሉ።

«በእኔ ዘር አለ» አለ ስጦታው። «የእናቴ እናት ጠጉሯ ቀይ ነበር። እመኚኝ፣ አንቺ ባላምባራስ።»

«መልክ በጥማድ የሚታረስ ነገር ነው፤ አንድ በሬ ብቻውን አያርስም። ያንተ በሬ ይሁን ግድ የለም። የእኛ በሬ የታለ?»

ስጦታው ስለ ድንጋይና ስለ ውሃ ኃይል ብዙ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ስለዚህ ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ቀነሰ፣ ከሰው ሸሸ። አንድ ማለዳ ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ሲመጡ ወፍጮው ቆሞ፣ በቅሎው ደጅ ላይ ተጭኖ አገኙት።

ደብሪቱ ልጇን ታቅፋ ወጣች። «ትጠረጥረኛለህ?» አለችው።

«አንቺን አልጠረጥርም» አለ፣ የጭነቱን ጠፍር እያጠበቀ። «ግን ሰው ሲያየኝ ይሥቃል። ወፍጮው ሲዞር እንኳ ማንን መሰለ፣ ማንን መሰለ እያለ የሚዞር ይመስለኛል። መሥራት አልቻልኩም።»

እሷ አላለቀሰችም ይላሉ። «እስከ ማታ ጠብቀኝ» ብላ ልጁን አዘለችና የገበያተኛው መንገድ ወደሚያልፍበት ወደ ጉብታው ወጣች። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ፣ ልጁን አውርዳ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ጠጉሩን ለፀሐይ ገለጠችው። ሰው እየቆመ ተሰበሰበ።

«በቤቴ እየበላችሁ በጓሮዬ የምትሉትን እዚህ በፊቴ በሉት» አለች። «ልጁም ይኸው፣ እኔም ይኸው። የሚናገር ይናገርና ዛሬ ይለቅ።»

መጀመሪያ ሁሉም አፈረ። ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ስለ ጠጉሩ አላውቅም፣ ግንባሩ ግን የደብሪቱ አባት ግንባር ነው አለ። ሌላው ተነሥቶ፣ ግንባሩ የእናቷ ወገን እንጂ የአባቷ አይደለም ብሎ ተከራከረ። አንዲት ሴት የእግሩን ጣት ይዛ ይህ የእኛ ቤት ጣት ነው ስትል፣ ጎረቤቷ፣ እናንተማ በምን ትዛመዳላችሁ ብላ ነጠቀቻት። ሊፈርዱ የመጡት ርስት እንደሚካፈል ወራሽ በአፍንጫና በተረከዝ ሲሻሙ ባላምባራስ በበቅሏቸው ደረሱና ሁሉን ዝም አሰኙ።

«ሌላው አያከራክርም» አሉ። «ጠጉሩን ከዘራችን የሚያውቀው አለ?»

በዚህ ጊዜ ታላቅ እኅታቸው እማሆይ ፀዳለ፣ ከደብራቸው ጧፍ ሊገዙ ወደ ገበያ ሲወርዱ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከሰዉ ኋላ ቆመው ነበር።

«ድልነሳሁ» አሉ።

«አቤት፣ እማሆይ።»

«ጢምህን በየማለዳው ለምን ትላጫለህ?»

«ንጽሕና ነዋ።»

«እናታችን ስትሞት፣ ሐዘንተኛው ሁሉ ጢሙን ሲያሳድግ፣ አንተ ብቻ ተላጭተህ ቀበርካት። እሱም ንጽሕና ነው?»

ባላምባራስ የበቅሏቸውን ልጓም ማስተካከል ያዙ። እማሆይ ወደ ሰዉ ዞሩ። ወንድማቸው በልጅነቱ ጠጉሩ እንደዚህ ልጅ ቀይ እንደነበረ፣ እኩዮቹ ቀበሮ እያሉ ስለሚያሳድዱት እናታቸው በየጊዜው ትላጨው እንደነበር፣ ኋላም ምላጩን ራሱ ተረክቦ እንደቀጠለ ተናገሩ። የአያታቸው እናት፣ ባሕር ተሻግሮ መጣ የሚባል የአንድ ግንበኛ ልጅ እንደነበረችም ጨመሩ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ታዲያ የት ከረመ?» ብሎ አንዱ ጠየቃቸው።

«አምና ስንዴ የነበረበትን ማሳ ዘንድሮ ባቄላ ብትዘራበት፣ ከባቄላው መሃል ስንዴ ብቅ ይልብህ የለም? ማን ዘራው ትላለህ? አፈሩ ውስጥ ከርሞ ነው። የሰውም መልክ እንዲሁ ነው፤ ልጅን ዘሎ የልጅ ልጅ ላይ ይበቅላል።»

«እማሆይ አርጅተዋል፣ ይሳሳታሉ» አሉ ባላምባራስ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ከመካከላቸው አንዱ ተነሥቶ እጅ ነሣና፣ «ጌታዬ፣ ምስክሩ አገጭዎ ላይ ነው፤ ይብቀልና እንየው» አለ። ባላምባራስ እምቢ ቢሉ አመኑ ማለት ነው፤ እሺ ቢሉም ጢም መብቀሉ አይቀርም። ምላጫቸውን ለደብሩ አለቃ አስረከቡ። ደብሪቱም ወርዳ ለባሏ ነገሩን ነገረችው፤ እሱም ብዙ አስቦ፣ ጢሙ እስኪበቅል ብቻ ብሎ በቅሎውን አራገፈ።

ለባላምባራስ እንደዚያን ሰሞን ሰላምታ በዝቶላቸው አያውቅም ይባላል። ሰላም የሚላቸው ሁሉ ግን የሚያየው ዓይናቸውን ሳይሆን አገጫቸውን ነበር። ጥርሴን አሞኛል ብለው ፊታቸውን በጋቢ ጠቀለሉ። አገሩ ሁሉ «ጥርስዎ እንዴት ዋለ?» እያለ ይጠይቃቸው ጀመር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ ሲሉ ጋቢው ከአገጫቸው ወረደ፤ በመስኮቱ የገባው ፀሐይም ጢማቸው ላይ አረፈ። እንደ በርበሬ ዛላ የቀላ ጢም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሣቀ የለም፤ ሣቁን ሁሉም አፍኖ እስከ ቅጥሩ በር ድረስ ተሸክሞት ወጣ።

ባላምባራስ በቅሎ አላስጫኑም። ጋቢያቸውን ክንዳቸው ላይ ጥለው፣ በሰዉ መሃል፣ በእግራቸው ወደ ወፍጮው ወረዱ። ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«አጥፍቻለሁ፣ ልጄ» አሉ።

«ይግቡ፣ አባባ» አለች ደብሪቱ፤ ካስቀመጠቻቸውም በኋላ ልጁን ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። ልጁ ጢማቸውን በሁለት እጁ ጨብጦ ሳበ፤ አልለቀቀም። ባላምባራስ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ስለ ተሳበ ነው እንጂ ሌላ አይደለም ብለዋል፤ ማንም አልተከራከራቸውም። ስጦታው ከወፍጮው ሥር ዱቄት ለብሶ ወጣና ፊታቸው ቆሞ ብዙ አያቸው።

«አንቺ ባላምባራስ» አለ፣ «ቁርጥ አያቴን መሰልሽ።»

ባላምባራስ ከዚያ በኋላ ጢማቸውን ተላጭተው አያውቁም፤ የዘራቸው እውነተኛ ምልክት ቀይ ጢም እንደሆነም እስኪሞቱ ድረስ ሲናገሩ ኖሩ ይባላል። የደብሪቱ ሁለተኛ ልጅ ከአባትም ከእናትም የጠቆረች፣ ጠጉሯ እንደ ሐር የተኛ ሴት ሆነች፤ ሦስተኛው ደግሞ የዘመዱ ሁሉ ስም ተጠርቶ አንዱንም ሳይመስል ቀረ። እናትየው ግን አስቀድማ ቆርጣ ነበር፦ ማንን መሰለ የሚል ሰው ጉብታው ላይ ተቀምጦ የልቡን ያውራ፤ እሷ ቤት ሲገባ ግን ያ ቃል ካፉ እንዳይወጣ። ሌሎቹም አራሶች ነገሩ ስለተስማማቸው ሕጉን ወሰዱት።

ዛሬ ወፍጮው የለም፤ መሠረቱ ብቻ ከወንዙ ዳር ይታያል። የበቆሎ ጭራ የመሰለ ጠጉር ያለው ልጅ አልፎ አልፎ በዚያ አገር ይወለዳል፤ የሚገረምም የለም። ከከተማ በመኪና የሚመጡ ዘመዶች እንኳ ጉብታዋ ሥር አስቁመው ይወጣሉ፤ ስለ አፍንጫው፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ጆሮው ጫፍ እዚያው ይከራከራሉ፣ አንዳንዴም ተኳርፈው ይወርዳሉ። ከአራሷ ደጃፍ ሲደርሱ፣ አራሷ ከውስጥ ሆና «ጨርሳችኋል?» ትላቸዋለች። «ጨርሰናል» ይላሉ። ያን ጊዜ «ግቡ» ይባላሉ።