እግሩን የማያየው ዘንግ

ጆሮ ያለው ቀረብ ይበል፤ ጆሮ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ። ተረቴ ከሩቅ እያፏጨ መጣና መንገድ ልቀቁለት።

ድሮ ድሮ፣ ብረት ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ ከቆላው ግራር መሀል መንታ ሐዲድ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። ከተማ አልኳት እንጂ አንድ ጣቢያ፣ አንድ ወፍጮ ቤት፣ ሁለት ሻይ ቤት ናት፤ የቀረው ፍየልና አቧራ ነው። ስሟን ያገኘችው እዚያ ስትደርስ አንዱ ሐዲድ ሁለት ስለሚሆን ነው። የቀኙ ወደ ትልቁ ገበያ ይሄዳል። የግራው ወደ ድንጋይ መፍለጫው ይሄዳል። በሁለቱ መሀል ደግሞ ገደል አለ።

ባቡሩን ቀኝ ወይም ግራ የሚሰደው ዘንጉ ነበር። ዘንጉ ማለት ጣቢያው ደጃፍ የተተከለ፣ የሰው ቁመት የሚያህል የብረት ዱላ ነው። ሐዲድ ጠባቂው ጋሽ ዋቅጅራ በሁለት እጁ ይዞ ሲስበው፣ ከሠላሳ እርምጃ ወዲያ በረጅም ብረት የተያያዘው ተንቀሳቃሽ ሐዲድ "ቀጭ!" ብሎ ከወንድሙ ጋር ይገጥማል። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ ዘንጉ ራሱ እዚህ ነው፣ እግሩ እዚያ ነው። ከተተከለ ጀምሮ የገዛ እግሩን በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

ስለዚህ እግሩ አጠገብ ፋኖስ ቆማለታለች። አንዱ ዓይኗ ቀይ፣ አንዱ ዓይኗ አረንጓዴ ነው፤ ማታ ታበራለች፣ ቀን ታያለች። ከጣቢያው ጣሪያ ሥር ደግሞ እትዬ ደወል ተንጠልጥላለች። ባቡር በመጣ ቁጥር ሦስቱ የማይተዉት ወግ ነበራቸው።

"ዘንጉ፣ ወዴት ተኛህ?" ትላለች ደወል።

"ወደ ቀኝ ተኛሁ!" ይላል ዘንጉ።

"ፋኖስ፣ እውነት ነው ወይ?"

"እውነት ነው! በዓይኔ አየሁት፣ ገጥሟል!"

ያን ጊዜ ደወል "ደን! ደን! ደን!" ትላለች። ጋሽ ዋቅጅራ አረንጓዴውን ባንዲራ ያነሳል። ባቡሩም እየተንጎራደደ ያልፋል። ምስኪኑ ጋሽ ዋቅጅራ የብረት ቋንቋ አይሰማም፤ እሱ የሚያውቀው ደወል ሳትጮህ ባንዲራ እንደማይነሳ ብቻ ነው።

እንዲህ ሆኖ አርባ ዓመት አለፈ። አንድ ባቡር አልወደቀም፣ አንድ ፍየል አልሞተም።

ፍየል ባለመሞቱ የሚከፋው ደግሞ አይጠፋም። ከገደሉ ሥር እመት ቀበሮ ከነልጆቿ ትኖር ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ለገበያ የሚሄዱ ፍየሎች ፉርጎ ሙሉ ተጭነው ከአናቷ በላይ "ሜ! ሜ!" እያሉ ያልፋሉ፤ እሷ ምራቋን ትውጣለች። "ይህ ፉርጎ አንድ ቀን እንኳ ቢገለበጥ ለልጅ ልጄ በተረፈ" ትላለች። አሰበች፣ አወጣች፣ አወረደች። ሐዲዱን ለማጣመም ጉልበት የላትም። የዘንጉን ልብ ለማጣመም ግን ምላስ ይበቃል።

ሰኞ ቀን፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ እየተሽኮረመመች መጣች።

"እንደምን ዋሉ፣ ጌታው ዘንጉ?"

ዘንጉ በዕድሜው ጌታው ብሎ የጠራው የለም። ትንሽ ቀና አለ። "እግዜር ይመስገን። ምን እግር ጣለሽ?"

"እንዲያው አንድ ነገር ከንክኖኝ ነው። ይህቺ ደወል በየቀኑ 'ወዴት ተኛህ' ትልዎታለች አይደል?"

"ወጋችን ነው።"

"ይሁን። እርስዎም ይመልሳሉ። ከዚያ ደግሞ ወደ ፋኖስ ዞራ 'እውነት ነው ወይ' ትላለች። እኔ የዱር አውሬ ነኝ፣ ወግ አላውቅም። በእኛ ሠፈር ግን 'እውነት ነው ወይ' የሚባለው ውሸታም ሲናገር ነው።"

"ወጋችን ነው አልኩሽ እኮ!"

"እኔ ምን አልኩ? ምንም አላልኩ" አለችና ጭራዋን እየጎተተች ወረደች።

እሷ ወረደች፤ ቃሏ ግን አልወረደም። ከሰዓት በኋላ ባቡር መጣ፣ ደወልም እንደ ልማዷ ጠየቀች። "እውነት ነው ወይ?" የሚለው ቃል፣ አርባ ዓመት የሰማው ቃል፣ ያን ዕለት የዘንጉን ሆድ ወጋው። መለሰ፤ ግን ድምፁ ሻካራ ነበር። "ምን ሆነ ይሄ?" አለች ደወል ለራሷ።

ማክሰኞ ዘንጉ የሚያየው ሁሉ አላማረውም። ፋኖስ ዓይኗን ጨፈን ከፈት ብታደርግ በእሱ ላይ የምትጠቃቀስ መሰለው። ደወልና ፋኖስ ስለ አቧራው ቢያማርሩ ስለ እሱ የሚያሙ መሰለው። እመት ቀበሮ ከተፍ ስትል እንዲያውም ደስ አለው፤ አያችሁ፣ ጥርጣሬ የያዘው ሰው የሚናፍቀው ጥርጣሬውን የሚያጎርሰውን ነው።

"ጠዋት በዚህ ሳልፍ ስምዎን ሲያነሱ ሰማሁ" አለች።

"ምን አሉ?"

"ኧረ እኔ ወሬ አመላላሽ አይደለሁም!"

"ምን አሉ አልኩሽ!"

"ይተዉኝ፣ ጌታው። ከአፋቸው ሙሉ ቃሉን አልያዝኩትም። ብቻ 'ዝጓል' የሚል ነገር... 'አርጅቷል፣ እንጠብቀው' የሚል ነገር... እኔ የምልዎ ጠርጥር፣ ከገንፎም አይታጣም ስንጥር፣ ይህንኑ ነው።"

ዘንጉ ትከሻውን አየ። እውነትም ሦስት ቦታ ዝጓል። ይህን ማንም እንዳያይበት ሲሳቀቅ የኖረው ነገር ነበርና በጣም አመመው።

ረቡዕ ስትመጣ ሰላምታ እንኳ አላስጨረሳትም። "ምን ላድርግ?" አላት።

"ይፈትኗቸዋ! ባቡሩ ሲመጣ ደወል ትጠይቅዎታለች። ዝም ይበሉ። የምታምንዎት ከሆነች ሳይመልሱላትም ትደውላለች። ካልደወለች ደግሞ..." አለችና አንገቷን ደፋች። "ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሰምተዋል።"

ባቡሩ መጣ። ጋሽ ዋቅጅራ ዘንጉን ሳበው።

"ዘንጉ፣ ወዴት ተኛህ?" አለች ደወል። ዝም።

"ዘንጉ፣ ወዴት ተኛህ?" ዝም።

"ዘንጉ፣ ወንድሜ፣ አሞሃል እንዴ? ወዴት ተኛህ?" ዝም።

ደወልም አልደወለችም። ባቡሩ ከጣቢያው ውጭ በፀሐይ ቆሞ ያፏጭ ጀመር። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ሰውዬ! ተኝተሃል እንዴ?" ብሎ ጋሽ ዋቅጅራ ላይ ጮኸ። ሽማግሌው በታመመ ጉልበቱ ሠላሳውን እርምጃ ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ ሐዲዱን ዳስሶ፣ ተመልሶ ባንዲራውን አነሳ። እንዲያ ሲያነክስ ማየት ያሳዝን ነበር። ዘንጉ ግን አላየውም፤ እሱ የራሱን ቁስል ይቆጥራል።

"አርባ ዓመት!" አለ ባቡሩ ካለፈ በኋላ። "አርባ ዓመት ዋሽቼሽ አውቃለሁ? ካመንሽኝ ለምን አልደወልሽም?"

"ዝም ያልከው አንተ! ስለማምንህ አይደል እንዴ ቃልህን የጠበቅኩት?"

"የእኔ ቃል ከበቃሽ ፋኖስን ለምን ትጠይቂያለሽ? በቃ! ከነገ ጀምሮ ማንም እንዳይጠይቀኝ። 'ወዴት ተኛህ' የሚለኝ ካለ አልነቃነቅም። 'እውነት ነው ወይ' የሚል ካለ ተነቅዬ እሄዳለሁ!"

ፋኖስ አለቀሰች፤ ጋዟ ጠብ ጠብ አለ። "እንግዲያው ዓይኔ ለምን ያስፈልጋል፣ አያ ዘንጉ?" አለችና ፊቷን ከሐዲዱ ወደ ተራራው አዞረች።

ሐሙስ ሆነ። እመት ቀበሮ ማልዳ ወጣች፤ የሚያያት ዓይን የለም። ከገደሉ አፍ ጡጫ የሚያህል ድንጋይ በጥርሷ ይዛ መጣችና በሁለቱ ሐዲዶች መሀል፣ መግጠሚያው ላይ፣ ሸጎጠችው። ከዚያ ልጆቿን ጠራች።

ባቡሩ ከሩቅ አፏጨ። ከፊት ሦስት ፉርጎ ፍየል፣ ከኋላ ሁለት ፉርጎ ገበያተኛ ጭኗል። ጋሽ ዋቅጅራ ምራቁን እጁ ላይ እንትፍ ብሎ ዘንጉን ሳበው። ዘንጉም ወደ ቀኝ ተኛ። ግን "ቀጭ!" የሚለው ድምፅ አልመጣም። እግሩ ሥር የሆነ ነገር ቆረቆረው።

"ዝገቱ ይሆናል" አለ በሆዱ። ዝገቱ ይሆናል ብሎ ጮክ ብሎ ለመናገር ደግሞ ኩራቱ አላስቻለውም።

ደወል ለመጠየቅ አፏን ከፈተች፤ ትዕዛዙ ትዝ ሲላት ዋጠችው። በተሰበረ ድምፅ "ደን... ደን... ደን..." አለች። ጋሽ ዋቅጅራ አረንጓዴውን ባንዲራ አነሳ። ባቡሩም መንገዱ ተከፍቶልኛል ብሎ ፈጠነ።

ያን ጊዜ ነው ዘንጉ እመት ቀበሮን ያያት። ከገደሉ አፍ ላይ ቁጭ ብላለች። አራት ልጆቿ ፊታቸውን ታጥበው ከጎኗ ተደርድረዋል፤ ድግስ የተጠራ ቤተሰብ ይመስላሉ። "እንደምን ዋሉ" የለም፣ "ጌታው" የለም። አምስቱም ወደ አንድ ቦታ ያያሉ፤ ወደ እግሩ።

"ሦስት ቀን ሙሉ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ የከረመች፣ ዛሬ እግሬን ለምን ታያለች?" አለ ዘንጉ። "ልጆቿንስ ለምን ይዛ መጣች? እግሬ ሥር የሚቆረቁረኝስ ምንድን ነው?"

ሦስት ቀን ወዳጆቹን ሲጠረጥር ውሎ፣ ገና አሁን የሚጠረጠረውን ጠረጠረ። ብረቱ ሁሉ ቀዘቀዘ። መጠየቅ አለበት። ግን በምን አፉ? አትጠይቁኝ ብሎ የማለው እሱ፣ ፋኖስን ያስለቀሳት እሱ! ባቡሩ ኩርባውን ዞረ። የፍየሎቹ ጩኸት ተሰማ፣ ከኋላ የሴቶች ሳቅ ተሰማ።

ዘንጉ ኀፍረቱን ዋጠና ጮኸ። "ፋኖስ! እህቴ! እግሬን እይልኝ!"

የፋኖስ አንገት ሲጢጥ ብሎ ዞረ። "ድንጋይ! አያ ዘንጉ፣ ድንጋይ ነው! አልገጠምክም!"

"እትዬ ደወል፣ አልገጠምኩም! ጩኺ!"

ደወል ቂም መያዣ ጊዜ አልነበራትም። "ደን ደን ደን ደን ደን!" አለች፤ አላቋረጠችም፣ ትንፋሽም አልወሰደችም። ጋሽ ዋቅጅራ እንዲህ ስትጮህ ሰምቷት አያውቅም። አረንጓዴውን ጥሎ ቀዩን ይዞ፣ በዚያ ጉልበቱ ባቡሩ ፊት ሮጠ። ሾፌሩ ፍሬኑን ያዘ። መንኮራኩሩ አንቋረረ፣ ብልጭታ ተረጨ፣ ፍየሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ወደቁ። ባቡሩ ድንጋዩ ጋ ሊደርስ ሁለት ክንድ ሲቀረው ቆመ።

ሾፌሩ ሊሳደብ ወረደ። ድንጋዩን አየ። ገደሉን አየ። ስድቡን ረስቶ ሐዲዱ ላይ ቁጭ አለ። ጋሽ ዋቅጅራ ድንጋዩን ነቅሎ ወደ ገደሉ ሲወረውር እመት ቀበሮ አናቷን ለጥቂት ተረፈች።

"አንተ ዝገታም ዱላ!" አለች እየሸሸች።

"ጌታው ቀረ እንዴ?" አላት ዘንጉ።

በማግሥቱ ባቡር ሲመጣ ደወል ዝም አለች። ፋኖስም ዝም አለች። መሐላው አልተነሳማ! ዘንጉ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እትዬ ደወል፣ ጠይቂኝ" አለ።

"ዘንጉ፣ ወዴት ተኛህ?"

"ወደ ቀኝ የተኛሁ ይመስለኛል። እግሬን ግን አላየውም" አለና፣ አርባ ዓመት ሌላ ሲለው የሰማውን ቃል በገዛ አፉ አለው። "ፋኖስ፣ እህቴ፣ እውነት ነው ወይ?"

"እውነት ነው! በዓይኔ አየሁት፣ ገጥሟል!"

ደን! ደን! ደን!

ዛሬ በመንታ ሐዲድ ባቡር አያልፍም። ሐዲዱን ሣር በልቶታል፣ ጣቢያው የእርግብ ቤት ሆኗል። ዘንጉ ግን እንደ ቆመ ነው። ነፋስ ሲነሳ "ሲጢጥ" ይላል፤ የአገሩ ሽማግሌዎችም "እየጠየቀ ነው" ይላሉ።

የኔ ተረት ጣቢያው ደረሰ፤ እናንተም ስትወርዱ ይህችን ይዛችሁ ውረዱ፦ የሚጠይቅህን አትጠርጥር፤ እንዳትጠየቅ የሚመክርህን ጠርጥር።